ተሸንፈው ማሊያቸው የተሰቀለላቸው አራቱ

ቅርጫት ኳስ የሚወዱ የኬንታኪ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ አንድ ጥያቄ ከተነሳ ጨዋታው ይረዝማል፤ ኳሷን ከመስመር ውጭ ሆኖ የሚወረውረው ልጅ ፊት ለምን ተከላካይ አልቆመም? ጥያቄው የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1992 ማታ፣ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ስፔክትረም በሚባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ 2.1 ሰከንድ ቀርቶታል። ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ዱክ ዩኒቨርሲቲን 103 ለ102 ይመራል። የዱኩ ግራንት ሂል ከመጨረሻው መስመር ውጭ ቆሞ ኳሷን ወደ ሌላኛው የሜዳ ጫፍ ሲልካት የሚጋርደው ሰው አልነበረም። ክርስቲያን ሌትነር ከሁለት ተከላካዮች በላይ ተነስቶ ቀለባት፤ አንድ ጊዜ አነጠራት፤ ዞሮ ወረወራት። ኳሷ መረቡ ውስጥ ስታልፍ ሰዓቱ አልቆ ነበር። 104 ለ103።

በአንድ ነጥብ መሸነፍ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዩኒቨርሲቲው ሌክሲንግተን በሚገኘው ሜዳው ጣሪያ ላይ የአራት ተጫዋቾችን ማሊያ ሰቀለ። አራቱም የአገር አቀፉን ዋንጫ አላነሱም። ከአራቱ አንዱም በአገሪቱ ምርጥ አምስት ውስጥ ስሙ አልተጠራም። የመጨረሻ ጨዋታቸው ይኸው ሽንፈት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ለእነሱ ቆሞ ያጨበጨበበትን ምክንያት ለማወቅ ግን ከፊላደልፊያው ምሽት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ፣ ከዚያም ትንሽ ራቅ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲባል ለአገራችን አንባቢ ትዝ የሚለው በፋኩልቲዎች መካከል የሚደረግ ውድድር ይሆናል። በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። ኬንታኪ ደግሞ ከአሜሪካም ትለያለች። በመካከሏ የፈረስ እርባታ የተንጣለለባት፣ በምሥራቅ ተራሮቿ የከሰል ድንጋይ የሚቆፈርባት ይህች ግዛት በኤን.ቢ.ኤ. የሚጫወት ክለብ የላትም። በ1975 የተፎካካሪውን ሊግ የኤ.ቢ.ኤ.ን ዋንጫ ያነሳው ኬንታኪ ኮሎኔልስ በዓመቱ፣ ሁለቱ ሊጎች ሲዋሃዱ ፈረሰ። የሉዊቪል ከተማ የራሷ ኃያል ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የቀረው ሰፊ አገር፣ በተለይም ተራራው፣ ልቡን የሰጠው ለሌክሲንግተኑ ሰማያዊ ማሊያ ነው።

ይህን ፍቅር የተከለው አዶልፍ ሩፕ ነው። ከ1930 እስከ 1972 ቡድኑን አሰለጠነ፤ በ1948፣ በ1949፣ በ1951 እና በ1958 የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። በ1976 የተከፈተውና ያኔ ከ23 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ የነበረው አዳራሽ በስሙ ሩፕ አሪና ተባለ። የቡድኑ ታሪክ ግን ክብር ብቻ አይደለም። በ1951 ተጫዋቾቹ ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የነጥብ ልዩነት ሲያጠብቡ እንደነበር ተጋለጠ፤ በዚህና ተከትሎት በመጣው ምርመራ ሳቢያ የ1952-53 የውድድር ዓመት ለኬንታኪ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በ1966 ደግሞ ነጮች ብቻ የነበሩበት የሩፕ ቡድን አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን ካሰለፈው ቴክሳስ ዌስተርን ጋር ለዋንጫ ተገናኝቶ 72 ለ65 ተሸነፈ። ሩፕ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው ከዚያ በኋላ በ1970 ነው። ስለ ኬንታኪ ደጋፊ ፍቅር የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያልፈው ግማሹን ብቻ ተናገረ ማለት ነው፤ ያ ማሊያ ለብዙ አሜሪካውያን የቆየ ቁስል የሚነካ ነበርና።

ተራራውን ከሌክሲንግተን ጋር ያስተሳሰረው ሬዲዮ ነው። ካውድ ሌድፎርድ የተባለው የከሰል አገር ልጅ፣ የሃርላን ተወላጅ፣ ከ1953 ጀምሮ ለ39 ዓመት የቡድኑን ጨዋታ አስተላልፏል። በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ያለ የማዕድን ሠራተኛ ሌክሲንግተን ድረስ ሄዶ ትኬት የሚገዛበት አቅም ባይኖረውም የሌድፎርድ ድምፅ ቤቱ ይገባ ነበር። ቴሌቪዥን ከተስፋፋ በኋላም ብዙ ሰው ምስሉን እያየ ድምፁን ዘግቶ ሬዲዮውን ይከፍት ነበር። ሌድፎርድ ቡድኑ ሲያጠፋ አጥፍቷል ይላል። የእሱ ክብር ከዚያ የመጣ ነው፤ አድማጩ እንደሚያባብለው ሰው ሳይሆን እውነቱን እንደሚነግረው ሰው ያምነው ነበር።

ውድቀቱ የመጣው በአንድ ፖስታ ነው። በ1988 የጸደይ ወራት ከሌክሲንግተን ወደ ሎስ አንጀለስ ለአንድ ምልምል ተጫዋች አባት የተላከ ፖስታ በመንገድ ላይ ተከፍቶ 1,000 ዶላር እንደተገኘበት ተነገረ። ላኪ ሆኖ ስሙ የሰፈረው ምክትል አሰልጣኝ ገንዘብ አልላክሁም ብሎ ተከራከረ። በዚያ ዘመን ደንብ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከትምህርት ወጪው ውጭ ሳንቲም መቀበል አይችልም ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ምርመራውን ሲያሰፋ ሌሎች ጥፋቶችም ወጡ፤ ከነዚህም ውስጥ የመግቢያ ፈተና ነገር ነበረበት። አሰልጣኙ ኤዲ ሰተን በማርች 1989 ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ቡድኑ 13 አሸንፎ 19 ጊዜ ተሸንፎ ነበር፤ ከ1927 ወዲህ ኬንታኪ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። በሜይ ወር ቅጣቱ ተነበበ፤ የሦስት ዓመት ክትትል፣ ለሁለት ዓመት ከዓመቱ ማብቂያ ውድድር መታገድ፣ ለአንድ ዓመት በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት አለመታየት። ታዋቂው የስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት የኬንታኪን ኀፍረት በፊት ገጹ አወጣው።

ታግዶ የሚቆይ ቡድን ውስጥ የሚጫወት ወጣት ምን ያገኛል? በቴሌቪዥን አይታይም፤ ለዋንጫ አይጫወትም፤ የኤን.ቢ.ኤ. መልማዮች አያዩትም። መውጫው በር ክፍት ነበር፤ ኮከብ የተባሉት ወደ አሪዞናና ወደ ሲራክዩስ ሄዱ። በስኮላርሺፕ የሚጫወቱ ስምንት ልጆች ብቻ ቀሩ። በ1992 ማሊያቸው የተሰቀለላቸው አራቱ ከነዚህ መካከል ናቸው።

ሪቺ ፋርመር በምሥራቅ ተራራ ከምትገኘው ከማንቸስተር የመጣ ነው። በኬንታኪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ትልቅና ትንሽ ትምህርት ቤት ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ዋንጫ ያገናኛል፤ በአሜሪካ እንዲህ የቀሩት ግዛቶች ጥቂት ናቸው። የፋርመር ትምህርት ቤት፣ ክሌይ ካውንቲ፣ በ1987 ያንን ዋንጫ ከከተሞቹ ነጥቆ ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ለፍጻሜ ከሉዊቪሉ ባላርድ ጋር ሲገናኝ ፋርመር ብቻውን 51 ነጥብ አስቆጠረ፤ ክሌይ ካውንቲ ግን 88 ለ79 ተሸነፈ። እንግዲህ ልጁ ታላቅ ሆኖ መሸነፍን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ያወቀው ነገር ነው።

ጆን ፔልፍሪ የፔንትስቪል ልጅ ነው፤ እሱም የተራራው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጣን ያልሆነ፣ ግን ኳስ የት እንደምትሄድ ከሌሎች ቀድሞ የሚያይ ተጫዋች ነበር። ዴሮን ፌልድሃውስ ከሜይስቪል ነው የመጣው፤ አባቱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሩፕ ሥር ለኬንታኪ ተጫውቷል። አራተኛው ሾን ውድስ የግዛቲቱ ተወላጅ አይደለም፤ ከኢንዲያናፖሊስ የመጣ ጥቁር ወጣት ነው። አባቱ ለኬንታኪ ስላልተጫወተ፣ በሕፃንነቱም የሌድፎርድን ድምፅ ሰምቶ ስላላደገ እሱን የሚያስር ውርስ አልነበረበትም። መሄድ ለእሱ ከሁሉም ይቀል ነበር። ስለ አራቱ ሲወራ ተራራው ስለሚገን የውድስ ውሳኔ ክብደት ብዙ ጊዜ ይሸፈናል፤ ይህ ጽሑፍ ግን ከአራቱ መቆየት የእሱን መቆየት ያስቀድማል።

አዲሱ አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ከኒው ዮርክ ኒክስ ነበር የመጣው። የሦስት ነጥብ ውርወራ በኮሌጅ ጨዋታ በመላ አገሪቱ የጸደቀው በ1986-87 ነው፤ በዚያው ዓመት ፒቲኖ ፕሮቪደንስ የተባለውን ትንሽ ኮሌጅ በሦስት ነጥብ ኃይል እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሶት ነበር። ሌክሲንግተን ሲደርስ ረጅም ተጫዋች የለውም፤ ተቀያሪ የለውም። ያለውን ይዞ አስሮጣቸው። ሜዳውን ሙሉ እያሳደዱ ይከላከላሉ፤ ኳስ ሲያገኙ ከሩቅ ይወረውራሉ። በፌብሩዋሪ 1990 ሻኪል ኦኒል የሚጫወትለት ሉዊዚያና ስቴት ሩፕ አሪና ሲመጣ፣ ከፌልድሃውስና ከፔልፍሪ በላይ የሚገዝፍ ሰው የሌለው ቡድን 100 ለ95 አሸነፈ። ያ ዓመት በ14 ድልና በ14 ሽንፈት አለቀ። በሌላ ዘመን ኬንታኪ ውስጥ አሰልጣኝ የሚያስባርር ውጤት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ሰው ቆሞ አጨበጨበ።

በ1990-91 ቡድኑ 22 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ። በሚወዳደርበት በደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ከሁሉም የተሻለ ውጤት ነበረው፤ ታግዶ ስለነበር ግን ዋንጫው አልተሰጠውም። ከኒው ዮርክ ብሮንክስ የመጣው ጀማል ማሽበርን የተቀላቀለው በዚያ ዓመት ነው። ኃይልና ለስላሳ እጅ ያለው ይህ ወጣት ለአራቱ ያልነበራቸውን ነገር ሰጣቸው፤ ማንም ብቻውን ሊያቆመው የማይችል ሰው። በ1992 እገዳው አለቀ። ኬንታኪ የኮንፈረንሱን ውድድር አሸነፈ፤ ወደ አገር አቀፉ የማርች ውድድር ገባ።

ይህ ውድድር በዚያን ጊዜ 64 ቡድኖች በአራት ምድብ የሚካፈሉበት ጥሎ ማለፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ዓመቱ አለቀ። ኬንታኪ ኦልድ ዶሚኒየንን፣ አይዋ ስቴትንና በወጣቱ ጆን ካሊፓሪ የሚሰለጥነውን የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲን አልፎ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። የሚጠብቀው ዱክ ነበር፤ የ1991 ባለ ዋንጫ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንደኝነት የተቀመጠ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ቡድን። ሌትነር፣ ቦቢ ኸርሊ፣ ግራንት ሂል፤ አሰልጣኙ ማይክ ሼሼቭስኪ። ሌትነር ከሁለት ዓመት በፊትም በዚሁ ምድብ ፍጻሜ ኮኔቲከትን በመጨረሻዋ ቅጽበት 79 ለ78 የጣለ ሰው ነው።

ጨዋታውን ታላቅ ያደረገው መጨረሻው ብቻ አይደለም። ዱክ በዚያ ምሽት ከወረወረው መቶ 65 ያህሉን አገባ፤ ኬንታኪም ከግማሽ በላይ አገባ። እንዲህ ሲሆን አንዱ የሌላውን ስህተት የሚጠብቅበት ጨዋታ አይኖርም። ዱክ ግማሹን 50 ለ45 መርቶ ጨረሰ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱን 12 አደረሰው። ብዙ ቡድን እዚያ ላይ ያበቃል። ፒቲኖ ሙሉ ሜዳ ማሳደዱን አጠናከረ፤ ኬንታኪ አንድ በአንድ ነጥቡን በላው።

ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲቀር የሆነው ነገር በኬንታኪ ዘንድ እስካሁን አልበረደም። የኬንታኪው አሚኑ ቲምበርሌክ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ሜዳ ላይ በጀርባው ወደቀ። ሌትነር በእግሩ ደረቱን ረገጠው። ዳኞቹ ቴክኒካል ፋውል ሰጡ፤ ከሜዳ ግን አላስወጡትም። ቲምበርሌክ እያጨበጨበና ፈገግ እያለ ተነሳ፤ ቡድኑ የቅጣት ውርወራ አግኝቷልና። ቢባረር ኖሮ የሚለው ቃል በኬንታኪ የዚህ ጨዋታ ወሬ ሁሉ ውስጥ አለ። ንዴቱ ፍትሕ የጎደለው አይደለም። በእርጋታ ሲታይ ርግጫው የኃይል ሳይሆን የንቀት ነበር፤ ንቀት ደግሞ ተኝቶ ባለ ሰው ላይ ሲሆን ከኃይሉ ይብሳል። ዳኞቹ ተጫዋቹን አስወጥተው ቢሆን ማንም በአድልዎ አይከሳቸውም ነበር።

ፌልድሃውስ በመጨረሻው ደቂቃ ውስጥ ነጥቡን 93 ለ93 አደረገ፤ ኸርሊ የመደበኛውን ሰዓት የመጨረሻ ውርወራ ሳተ። ወደ ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ተገባ።

በዚያ ተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ 31.5 ሰከንድ ውስጥ መሪነቱ አምስት ጊዜ ከእጅ እጅ ተቀያየረ። መጀመሪያ ሌትነር በሁለት ሰው መካከል ተጠምዞ አገባ፤ 100 ለ98። ማሽበርን ወደ ቅርጫቱ ገብቶ አገባ፤ ፋውልም ተሠራበት፤ ተጨማሪዋንም አስቆጠረ፤ ኬንታኪ 101 ለ100። በተከታዮቹ ሰከንዶች ማሽበርን በሌትነር ላይ አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ከሜዳ ወጣ፤ 28 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ሌትነር ሁለቱንም የቅጣት ውርወራ አገባ፤ ዱክ 102 ለ101። ፒቲኖ ዕረፍት ጠየቀ። ከዕረፍቱ ሲመለሱ ውድስ ኳሷን ይዞ ወደ መሃል ሰንጥቆ ገባ፤ ሌትነር ሊሸፍነው ሲወጣ ከእጁ በላይ አሳልፎ ወረወራት፤ ኳሷ ሰሌዳውን ነክታ ገባች። 103 ለ102። ውድስ ከሩቅ በመወርወር የሚታወቅ ተጫዋች አልነበረም፤ ያቺ ኳስ በወጣትነቱ ሁሉ ካስገባቸው ሁሉ የከበደችው ናት። ዱክ ዕረፍት ጠየቀ። 2.1 ሰከንድ።

ሼሼቭስኪ ልጆቹን ሰብስቦ መጀመሪያ የነገራቸው እንደሚያሸንፉ ነበር። ከዚያ ሂልን መወርወር ትችላለህ ወይ፣ ሌትነርን መቅለብ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ዱክ ከዌክ ፎረስት ጋር ሲጫወት ይህንኑ ሞክሮ፣ የሂል ውርወራ ተጣምሞ ሌትነር ኳሷን ሲቀልብ ከመስመር ወጥቶ ነበር፤ ዱክም ተሸንፏል። ማለትም ይህ ዘዴ በተመሳሳይ እጆች አንድ ጊዜ ከሽፏል፤ ሂል ፊት ማንም ሳይቆም ግን መንገዱ ቀለለ።

የፒቲኖ ስሌት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ማሽበርን ወጥቷል። ሌትነር 2 ሜትር ከ11 ገደማ ይረዝማል፤ ፔልፍሪና ፌልድሃውስ ከሱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳሉ። ሂል ላይ ሊቆም የሚችለውን አምስተኛ ሰው ወደ ኋላ መልሶ ሁለት ሰው በሌትነር ዙሪያ ማድረግ በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ ፋውል እንዳይሠሩ ተጠንቅቀው መቆማቸው ነው። ሌትነር በዚያ ምሽት ከሜዳ 10 ወርውሮ 10 አግብቷል፤ ከቅጣት መስመርም 10 ወርውሮ 10 አግብቷል፤ እሱን መንካት ነጥብ መስጠት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቆመዋል ቢባልም ከኳሷ ጋር ለመጋፋት እጃቸው ታስሯል። ሂል ግን 23 ሜትር ያህል ርቀት የሚጓዝ ኳስ ሲወረውር ፊቱ አንድ ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ ቢዘል ኖሮ ከፍታውን ወይም አቅጣጫውን መቀየር ነበረበት። የኬንታኪ ደጋፊ በዚህ ክርክር ትክክል ነው። ጥሩ አሰልጣኝ አንድ ጊዜ የሚሳሳተው ስህተት ነበር፤ እንዲህ ዓይነቷ ምሽት ግን አንድ ብቻ ናት።

ሌላም ነገር አለ፤ ደጋፊው በምሬት የሚቀበለው። ሌትነር ኳሷን ሲቀልብ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ነበር። ሁለት ሰከንድ ብቻ እንዳለው እያወቀ አልተጣደፈም። ወደ ቀኝ እንደሚሄድ አስመሰለ፤ አንድ ጊዜ አነጠረ፤ ወደ ግራ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ኳስ ለማንጠር ጊዜ አለኝ ብሎ ማመን ማንም የማያስተምረው ድፍረት ነው። የረገጠውም፣ ያሸነፈውም ሰው አንድ መሆኑ የሽንፈቱን ጣዕም መራራ አደረገው።

ሜዳው ሲፈነዳ የኬንታኪ ልጆች ባሉበት ወደቁ። የዱኩ ቶማስ ሂል ጭንቅላቱን ይዞ ሲያለቅስ ካሜራ ቀረጸው፤ አሸናፊው ነበር ያለቀሰው። ሼሼቭስኪ ግን ከጭፈራው ወጥቶ ወደ ኬንታኪ የሬዲዮ ጠረጴዛ ሄደ። እዚያ የተቀመጠው ሌድፎርድ ነበር፤ የ39 ዓመት ሥራው የመጨረሻ የኬንታኪ ጨዋታ ይህ ነበረ። አሰልጣኙ በሌድፎርድ ማይክሮፎን ለኬንታኪ ሕዝብ ስለ ልጆቻቸው ምስጋናና ክብሩን ነገረ። ዱክን የሚጠላ ኬንታኪያዊ እንኳ ይህን አይክድም። ያን ማታ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያንን ድምፅ ነበር የሰማው፤ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ደስታ የሌላ ሰው ነበርና።

ዱክ ከዚያ ሄዶ ኢንዲያናን፣ በፍጻሜውም ሚሺጋንን 71 ለ51 አሸንፎ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ አነሳ። ኬንታኪ ውስጥ ስለዚያ ፍጻሜ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

በኤፕሪል መጀመሪያ ሩፕ አሪና ለቡድኑ ክብር ሞልቶ ሳለ የስፖርት ዳይሬክተሩ ሲ.ኤም. ኒውተን አራቱን ወደ ላይ እንዲያዩ አደረጋቸው። የውድስ 11፣ የፌልድሃውስ 12፣ የፋርመር 32፣ የፔልፍሪ 34። ልጆቹ እንደሚሰቀል አያውቁም ነበር። ከጎናቸው የተሰቀሉት የሩፕ ዘመን ባለ ዋንጫዎችና ብዙ ነጥብ ያስቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ በቁጥር ከታየ አራቱ እዚያ አይደርሱም። ያኔም ዛሬም ይህን የሚነቅፍ አለ፤ ማሊያ የሚሰቀለው ለተሠራ ታላቅ ሥራ ነው እንጂ ለታየ ታማኝነት አይደለም ይላል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማሽበርን፣ በጨዋታ ከአራቱም የሚበልጠው፣ በዚያን ቀን አለመሰቀሉ የሰቀሉት ሰዎች ምን እያከበሩ እንደነበር በደንብ ያውቁ እንደነበር ያሳያል። የእሱ ማሊያ በኋላ በራሱ ሥራ ተሰቅሏል። የአራቱ የተሰቀለው በ1989 በሩ ክፍት ሳለ ስላልወጡ ነው።

የአራቱ ኑሮ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ኑሮ ነው የሄደው። አንዳቸውም በኤን.ቢ.ኤ. አልተጫወቱም። ውድስና ፔልፍሪ አሰልጣኝ ሆኑ፤ ፔልፍሪ ከ2007 እስከ 2011 የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲን በዚያው ኮንፈረንስ መርቷል። ፋርመር በ2003 የኬንታኪ የግብርና ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለት ጊዜ አገለገለ፤ በኋላ ግን በሥልጣኑ ያለ አግባብ በመጠቀም ጥፋተኛነቱን አምኖ በ2014 በፌደራል ፍርድ ቤት የ27 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ በተራራው ያሉ ሰዎችን አሳዝኗል፤ ብዙዎቹ ግን የ1989ኙን ልጅና የኋለኛውን ባለሥልጣን ለይተው ማየት ይመርጣሉ። ሌድፎርድ በ2001 አረፈ፤ የሩፕ አሪና ሜዳ በዚያው ዓመት በስሙ ተሰየመ።

ፒቲኖ በ1996 ኬንታኪን ለዋንጫ አበቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በጥቁሩ አሰልጣኝ በተቢ ስሚዝ ሥር ኬንታኪና ዱክ እንደገና በምድብ ፍጻሜ ተገናኙ፤ ይህን ጊዜ ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ። ዱክ ከአሥር ደቂቃ በታች ሲቀር በ17 ነጥብ ይመራ ነበር። ኬንታኪ 86 ለ84 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ዩታን ጥሎ አነሳ። ጋዜጦች በቀል አሉት። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ስድስት ዓመት የቆየ ሸክም የወረደ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን የ1998ቱ ድል የ1992ቱን አልሻረውም። የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ አንደኛዎቹ ያጡትን ሌሎቹ ሊመልሱላቸው አይችሉም።

ሌላ ማነጻጸሪያ አለ። በ2015 ያው ካሊፓሪ፣ ያኔ የኬንታኪ አሰልጣኝ ሆኖ፣ 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቡድኑን ወደ ግማሽ ፍጻሜ አደረሰ። በችሎታ ከ1992ቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በብዙ ይበልጣል። ዊስኮንሲን 71 ለ64 ጣለው። ያ ሽንፈት ለደጋፊው የበለጠ ሊያምመው ይገባ ነበር፤ ታሪክ በእጁ ሊገባ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ነውና። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰባቱ ተጫዋቾች ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ምልመላ ሄዱ፤ መሄዳቸውም ትክክለኛ ነው፤ ሥራቸውና እንጀራቸው ነው። ደጋፊው አዘነ፤ ተናደደ፤ ረሳ። የ1992ቱን ግን ከተደረገ በኋላ የተወለደ ወጣት እንኳ የነጥቡን ቅደም ተከተል በቃሉ ይናገራል። ከመሸነፋቸው በፊት የሚያውቃቸው ልጆች ስለነበሩ ነው፤ ሁለት ዓመት በእገዳ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተቀምጧል፤ ዋንጫ የማይሰጥበትን ጨዋታ ሳይቀር ገብቶ አይቷል።

በየዓመቱ ማርች ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ያቺን ውርወራ ያሳያል። ምስሉ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሂል እጅ ነው፤ ኳሷ ትበራለች፤ ሌትነር ይዞራል፤ ያበቃል። በዚህ አቆራረጥ ሾን ውድስ የለም፤ ማሽበርን የለም፤ የፌልድሃውስ ማስተካከያ ነጥብ የለም፤ ከመቶ 65 የሚያገባ ቡድን ላይ 12 ነጥብ የመለሰው ሩጫ የለም። ኬንታኪ ለሌትነር ታላቅነት መድረክ ሆኖ ብቻ ይቀራል። ይህ ለዱክም አይጠቅምም፤ የሌትነር ውርወራ ታላቅ የሆነችው ከሁለት ሰከንድ በፊት የውድስ ኳስ ስለገባች ነውና። የስርጭቱ አዘጋጆች ምስሉን ከ31.5 ሰከንዱ ቢጀምሩት አምስቱም የመሪነት ለውጦች ይታያሉ፤ የሚወስደው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው፤ የማርች ስርጭት ደግሞ ለዚያ የሚሆን ጊዜ አያጣም።